ጠብታው የሚታይበት፣ ዘይቱ የሚወጣበት

የቆየ የስፖርት መኪና ያለው ሰው ጠዋት ጋራዡን ሲከፍት ዓይኑ ቀድሞ ወለሉ ላይ ያርፋል። ማታ ከሞተሩ ሥር ባነጠፈው ካርቶን ላይ ሳንቲም የሚያህል ጥቁር ክብ ካገኘ ቀኑ ተበላሸ። ጎንበስ ብሎ በስልኩ መብራት ሲያይ ጠብታው ከዘይቱ ቋት፣ መካኒኮች ኦይል ፓን ከሚሉት ከታችኛው ሣህን ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል። ፍርዱ እዚያው ይሰጣል፦ «የኦይል ፓኑ ጋስኬት አልቋል።»

ምሳሌው ፖርሽ 944 ይሁን። እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1991 የተመረተ፣ ሞተሩ ከፊት ማርሹ ከኋላ የሆነ፣ ባለ አራት ሲሊንደር መኪና ነው፤ ህልሙ ከኪሱ የሚበልጥ ሰው ወደ ፖርሽ ቤት ብዙ ጊዜ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። በዚህ ሞተር ላይ ዘይት ሊያፈስ የሚችለው ቦታ ብዙ ነው። ከላይ የካም ሽፋኑ አለ። ከፊት በዋናው ዘንግና ንዝረቱን በሚያረጋጉት ሁለት ዘንጎች ጫፍ ላይ የተገጠሙት የጎማ ቀለበቶች አሉ። በጎን የዘይት ማጣሪያው የተቀመጠበት ቤት አለ። ከየትም ይምጣ፣ ዘይት ቁልቁል ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ንፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በመጨረሻም ከሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ተሰብስቦ ይንጠባጠባል። ከሁሉ ዝቅ ያለው ደግሞ ቋቱ ነው። የላዮቹን ሁሉ ጥፋት የሚሸከመው ከታች ስላለ ብቻ ነው። በቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት እንዲህ የሚደረግበት ሰው አይቶ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስልም።

ስለዚህ ደህና መካኒክ ከቁልፍ በፊት ማጠቢያ ያነሳል። ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ያጥባል፣ ያደርቃል፣ መኪናውን ነድቶ ይመለሳል፣ እንደገና አንስቶ ያያል። አንዳንዱም ዘይቱ ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ጨምሮ የፍሳሹን መንገድ ከታች ወደ ላይ ይከተላል። ችግሩ ይህ ሁሉ ሥራ አለመምሰሉ ነው። ባለ መኪናው ለተቀየረ ዕቃ ይከፍላል፤ ለታጠበና ለታየ ሞተር መክፈል ግን ይተናነቀዋል።

ጥያቄው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው 944ቱን ይዞ መጥቶ «የኦይል ፓኑን ጋስኬት ቀይርልኝ፣ ስንት ትለኛለህ?» ይላል እንበል። መካኒኩ ዘይቱ ከላይ እንደሚመጣ ከልምዱ ይጠረጥራል። ጠርጥሮ ዝም ቢል፣ ዋጋውን ተናግሮ የተጠየቀውን በጥራት ቢሠራ፣ ዋሽቷል? ከአፉ አንድም የሐሰት ቃል አልወጣም። የተከፈለበትንም ሠርቷል። ሥራው ደግሞ በዚህ መኪና ላይ ቀላል አይደለም፤ ቋቱ የሚወርደው ሞተሩ ከላይ ተንጠልጥሎ፣ የመሪው ክፍል ተፈትቶ፣ ከሥሩ ያለው አግዳሚ ብረት ዝቅ ሲል ነው። ጋስኬቱ ርካሽ ነው፣ ሂሳቡ ግን የሰዓታት ነው።

«የጠየቀኝን ሠራሁ» የሚለው መከላከያ ጠንካራ ይመስላል። የሚፈርሰው ሰውየው በእርግጥ ምን እንደጠየቀ ሲመረመር ነው። የእሱ ጉዳይ ካርቶኑ ላይ ያለው ክብ ነው። ጋስኬት ያለው የሚያውቀው ቃል እሱ ስለሆነ ነው፤ ሐኪም ቤት ሄዶ «የጨጓራ መድኃኒት ስጡኝ» የሚል ሰው የታመመው ልቡ ሊሆን ይችላል። ቃሉን ይዞ ጉዳዩን መተው፣ የሰውን አለማወቅ እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ መጠቀም ነው። ውሸት ባይባል እንኳ ከውሸት የሚገኘውን ጥቅም ያስገኛል።

ተቃራኒው ጥፋትም አለ፤ የሚወራለት ግን እምብዛም ነው። ፍልስፍና የተማረውና ሞተር ብስክሌት የሚጠግነው አሜሪካዊው ማቲው ክሮፎርድ፣ ስለ እጅ ሥራ ዋጋ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንድ አሮጌ ሆንዳ ላይ ያገኘውን የሚያዣ የዘይት ማኅተም ካልደረስኩበት ብሎ ሲጎረጉር የደንበኛውን ጥቅም እንደዘነጋ ይናገራል። የመካኒክ ጉጉት ሱስ አለው። ሁሉን ማየት፣ ሁሉን አዲስ ማድረግ ያምረዋል። የዚያን ደስታ ሂሳብ ለሌላ ሰው መላክ ግን ሌላ ነገር ነው።

በ944 ላይ ፈተናው የሚብሰው ቋቱ ከወረደ በኋላ ነው። ዋናው ዘንግና የፒስተን ክንዶቹ ራቁታቸውን ይቀራሉ። ይህን መኪና የሚያውቅ የሁለተኛውን ሲሊንደር የክንድ ቤሪንግ ታሪክም ያውቃል፤ በተለይ በፍጥነት ረጅም ኩርባ ሲዞር ዘይት ስለሚያጥረው ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው፤ እሱ ከሄደ ሞተሩም ይከተለዋል። ቤሪንጉን ለመቀየር ቋቱ መውረድ አለበት። ቋቱ አሁን ወርዷል። ስለዚህ መካኒኩ ስልክ ያነሳል፦ «አንዴ ከተከፈተ አይቀር፣ ቤሪንጎቹንም ብንቀይራቸውስ?»

ይህች ዓረፍተ ነገር ጉደኛ ናት። ከታማኙም ከአጭበርባሪውም አፍ በዚያው ቃልና በዚያው ድምፅ ትወጣለች። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ጉልበት ይቆጥባል፣ አደጋውም የታወቀ ነው። የኢኮኖሚ ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ በጻፈውና በ2001 ለተጋራው የኖቤል ሽልማት ባበቃው ጽሑፉ ያሳየው ነገር ከዚህ ይቀርባል፤ ገዢ ደህናውን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ዋጋው ወደ መጥፎው ይወርድና የደህናው ባለቤት ከገበያው ይወጣል። የምክር ገበያም እንዲሁ ነው። ደጋግሞ የተታለለ ሰው እውነተኛውንም ምክር አይሰማም። እውነቱን ተናግሮ እንደ ሌባ የታየ መካኒክም ቀስ በቀስ መናገሩን ይተዋል። «የጠየቀኝን ሠራሁ» የምትለው ዝምታ አንዳንዴ የምትወለደው ከዚህ ድካም ነው።

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ገደል የሚሻገሩበት ድልድይ አላቸው፤ የአገር ልጅ ጋራዥ። በዋሽንግተን ዙሪያ ብዙዎች መኪናቸውን የሚወስዱት ወደዚያ ነው፤ ከሂሳቡ በፊት የቤተሰብ ደህንነት ይጠየቃል። መልካም ነው። ግን «የአገሬ ልጅ አያታልለኝም» ያለ ሰው ከመኪናው ሥር ገብቶ ማየት ያፍራል፤ መጠየቁ እንደ መጠርጠር ይቆጠርበታል። ይሉኝታው ታማኙን መካኒክም ይጎዳዋል፤ ታማኝነቱ የሚታይበት አጋጣሚ ያጣል።

ከላይ የተባለው ባለ መኪናም የአገር ልጅ ይሁን፣ በዕድሜም ይብለጥ። ሞተሩ ታጥቦ ታይቷል፤ አብዛኛው ዘይት የመጣው ከፊተኛው የጎማ ቀለበት ነበርና ተቀይሯል፤ ጋስኬቱም በዕድሜ ደርቆ ያልብ ስለነበር ቋቱ ወርዷል። መካኒኩ በስልክ አያስረዳም። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይምጡና ይዩት» ይላል። ከቋቱ ሥር የቀረውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ጠርጎ ያሳያቸዋል፤ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ የለበትም። «አሁን ምልክት የለም። ክዳኑን ካልፈታሁ ግን ስለ ውስጡ እርግጠኛ አልሆንም። ዛሬ ብንቀይረው ይህን ያህል ይጨምራል። በኋላ ቢመጣ ይህ ሁሉ እንደገና ይወርዳል።»

ጋሼ ጥቂት ዝም ይላሉ። «የልጅቷ የትምህርት ቤት ክፍያ አለብኝ። ይቅር።»

ሰው ታማኝነትን ከምክሩ ውስጥ ሊያገኝ ይሞክራል፤ እሺ ከተባሉ ግን ታማኙም አጭበርባሪውም አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። የሚለያዩት ይቅር ሲባሉ ነው። አንደኛው «ነገ ሞተሩ ቢያልቅ እኔ የለሁበትም» ብሎ ፍርሃት ይጨምራል፣ አልያም ያኮርፍና ሥራውን ያቻኩላል። ሌላው «እሺ ጋሼ» ይላል። አደጋው የእሳቸው ነው፣ አይተውታል፣ መርጠዋል። የሚቀረው መኪናውን አንድ ቀን የሚገዛቸው፣ ከሊፍቱ ሥር ያልተጠራው ሰው ነው። ለእሱ ሲባል ሂሳቡ ላይ አንድ መስመር ይጻፋል፦ «የክንድ ቤሪንጎች አልተፈተሹም፣ አልተቀየሩም።» ጋሼ መስመሯን ሲያነቡ ፊታቸው ትንሽ ይጠቁራል፤ መኪናውን ሲሸጡ ዋጋ እንደምትቀንስ ገብቷቸዋል። ወረቀቱን ግን አጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል።

ከዚያ ቋቱ ይመለሳል። ብሎኖቹ በብዙ ኃይል አይጠብቁም፤ ከልክ ያለፈ ጉልበት የጎማውን ጋስኬት ጨፍልቆ ወደ ውጭ ይገፋውና ፍሳሹን መልሶ ያመጣዋል። መካኒኩ ከመሐል ወደ ዳር፣ በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ያዞራቸዋል፤ ከአግዳሚው ብረት በላይ ያሉትንና ማንም አጎንብሶ የማያያቸውንም እንደዚያው። በማግስቱ ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነው። ቤሪንጉ እንደነበረ ነው።