ከርነሉ የሚቆጥረው ጊዜና የሶላት ወቅት

ከርነል የኮምፒዩተር ስርዓተ ክወና አስኳል ነው። ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውንና ከውጭ የተሰኩትን ዕቃዎች የሚያዘው፣ ለፕሮግራሞችም ተራ የሚሰጠው እሱ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል ዛሬ ከግዙፍ ሰርቨሮች አንሥቶ መዳፍ እስከሚያህሉ ሰሌዳዎች ድረስ ይሠራል። ይህ የሆነው ሁሉም አንድ ዓይነት ከርነል ስለሚጭኑ አይደለም፤ እያንዳንዱ ለሥራው የሚበቃውን መርጦ ስለሚወስድ ነው። ከርነልን ማዋቀር የሚባለው ይህ ምርጫ ነው። ለአዋቃሪው በሺዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። ለብዙዎቹ ሦስት መልስ አለ፦ ከከርነሉ ጋር ተዋህዶ ይግባ፣ ሲፈለግ እንዲጫን በሞጁልነት ይቀመጥ፣ ወይም ጭራሹን ይቅር።

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከተሞች፣ በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን፣ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ከሚውሉባቸው ሥራዎች አንዱ የሶላት ሰዓት ማሳየት ነው። በመስጊድ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳ የአምስቱን ሶላቶች ሰዓት፣ እስከ ኢቃማ (ሶላቱ የሚጀመርበት ጥሪ) የቀረውን ደቂቃና የሂጅራውን ቀን ያሳያል። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ግን ከበስተጀርባው አንድ ያረጀ ጥያቄ አለ፦ የአምልኮ ሰዓት ደረሰ የሚያሰኘው የፀሐይ እንቅስቃሴ ነው፣ የቁጥር ስሌት ነው፣ ወይስ የሰው ውሳኔ? የከርነሉን አወቃቀር ከታች ወደ ላይ እየተከተሉ መመርመር ሦስቱን ለመለየት ይረዳል።

የመጀመሪያው ውሳኔ ማሽኑ ሲነሣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ከየት ያውቃል የሚለው ነው። ሊኑክስ ጊዜን የሚቆጥረው ከጃንዩወሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ጀምሮ ባለፉ ሰከንዶች ነው። በባትሪ የሚሠራ ሰዓት የሌለው ሰሌዳ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ሌላ የሚያርመው ነገር ካላገኘ፣ ራሱን በ1970 ያገኘዋል። ራስፕቤሪ ፓይ እስከ አራተኛው ትውልድ ድረስ እንዲህ ያለ ሰዓት በላዩ አልነበረውም፤ የተጨመረለት በ2023 በወጣው አምስተኛው ትውልድ ነው። ስለዚህ አዋቃሪው ዲኤስ3231ን የመሰለ የሰዓት ቺፕ ይጨምራል፤ የቺፑን ድራይቨርና የሚገናኝበትን የአይ ስኩዌር ሲ መስመር ከከርነሉ ጋር አዋህዶ ያስገባል፤ ከርነሉ ገና ሲነሣ ሰዓቱን ከዚያ እንዲያነብም ያዛል። ድራይቨሩ በሞጁልነት ቢቀመጥ፣ እሱ እስኪጫን ድረስ የሚነሡ ፕሮግራሞች በተሳሳተ ቀን ሥራ ሊጀምሩ ይችላሉ።

ሁለተኛው ውሳኔ ከርነሉ ጊዜን ለመከታተል የሚነቃበት ምት ፍጥነት ነው። ከርነሉ በሰከንድ 100፣ 250፣ 300 ወይም 1000 ጊዜ እንዲመታ ሊደረግ ይችላል። ለሶላት ሰሌዳ 100 ከበቂ በላይ ነው። ሥራ በሌለ ጊዜ ምቱ ጨርሶ እንዲቆም ማድረግም ይቻላል፤ ኃይል ይቆጥባል። የማይዛነፍ የምላሽ ጊዜ የሚሰጠው የሪል ታይም አማራጭ ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ በ2024 በወጣው 6.12 እትም ወደ ዋናው ሊኑክስ ገብቷል። የሮቦት ክንድ ለሚያንቀሳቅስ ማሽን ወሳኝ ነው፤ በደቂቃ ለሚያስብ ሰሌዳ ግን አያስፈልግም። የቁጥሩ ስፋት ግን ያስፈልጋል። በ32 ቢት የሚቆጠሩት ሰከንዶች ጃንዩወሪ 19 ቀን 2038 ሞልተው ወደ 1901 ይገለበጣሉ። ለ32 ቢት ማሽኖች መፍትሔው በ2020 በወጣው 5.6 እትም ተሟልቷል፤ ለዓመታት ግድግዳ ላይ የሚቆይ ሰሌዳ ከዚያ ባነሰ ከርነል ሊሠራ አይገባውም።

ምቱ የቆመበት ከርነል የፍልስፍና ጥያቄ ያስነሣል። አርስቶትል በፊዚክስ መጽሐፉ ጊዜን ከእንቅስቃሴ ጋር አያይዞ፣ በፊትና በኋላ የሚቆጠርበት ልክ አድርጎ ያየው ነበር። ወዲያውም ቆጣሪ ነፍስ ባትኖር ጊዜ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ምቱን ያቆመው ከርነል በዝምታው ውስጥ አንድም አይቆጥርም። ሲነቃ ግን ሃርድዌሩ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚሄደውን ቆጣሪ አንብቦ ያለፈውን ያሰላል። መቁጠሩ ቢቆምም የሚቆጠረው አልቆመም ማለት ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው 11ኛ መጽሐፍ በሌላ በኩል ሄዶ፣ ያለፈው በትዝታ፣ የሚመጣው በተስፋ በነፍስ ውስጥ እንደሚለካ አስተማረ። ከርነሉ ትዝታም ተስፋም የለውም፤ ያለው አንድ እያደገ የሚሄድ ቁጥር ነው። አውግስጢኖስ ጊዜ ያለው ነገር በዚህ ማሽን ውስጥ አይገኝም፤ አርስቶትል ያለው ግን፣ ቢያንስ በከፊል፣ ይገኛል።

የ1970ው መነሻም የፍልስፍና ጥያቄ ያስነሣል። አል ገዛሊ፣ በ1111 ያረፈው ሊቅ፣ ጊዜ ከዓለም ጋር የተፈጠረ መሆኑንና «ከዚያ በፊት ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ የምናብ ልማድ እንጂ የእውነት ፍላጎት እንዳልሆነ ተከራክሯል፤ ኢብን ሩሽድ በኋላ መልስ ጽፎበታል። የከርነሉ ዜሮ ከዚህ ክርክር ጋር መምታታት የለበትም። ከ1970 በፊት ያሉ ቀናት በአሉታዊ ቁጥር ይጻፋሉና ዜሮው የፍጥረት መጀመሪያ አይደለም፤ መሐንዲሶች የተስማሙበት ምልክት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሐሳበ ዘመን ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ሲቆጠር ግን መነሻው የእምነት ቃል ነው። ሁለቱም ከአንድ ነጥብ ይጀምራሉ። አንደኛው ነጥብ ለስምምነት፣ ሌላኛው ለምስክርነት የቆመ ነው።

ከሰከንድ ቆጠራው በላይ ያለው ሁሉ ከከርነሉ ውጭ የሚሠራ ነው። የዱባይ ሰዓት ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ4 ሰዓት መቅደሙ፣ የሂጅራ ወራት፣ የሶላት ስሌት፣ ሁሉም በፕሮግራምና በሠንጠረዥ ይቀመጣሉ። ስሌቱ ኬንትሮስና ኬክሮስ ይቀበላል። ዱባይ 55.3 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ስለሆነች፣ የሰዓቷ መለኪያ መስመር ደግሞ 60ኛው ዲግሪ ስለሆነ፣ ፀሐይ ቀትር ላይ የምትደርሰው በአማካይ በሀበሻ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ገደማ ላይ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይወስድባታል። ስለዚህ ከዱባይ እስከ አጅማን ያለው ልዩነት አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ በምሥራቅ ጠረፍ እስካለችው ፉጀይራ ግን ወደ 4 ደቂቃ ይደርሳል።

ስሌቱ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ሊቃውንት የሚወስኑት ቁጥር ይፈልጋል። የሱብሒ ወቅት የሚገባው ፀሐይ ከአድማስ በታች ስንት ዲግሪ ስትሆን ነው? የዓለም ሙስሊም ሊግ 18 ዲግሪ ሲል የግብፅ የቅየሳ ባለሥልጣን 19.5 ይላል። በዱባይ ኬክሮስ ይህ ልዩነት ከ6 ደቂቃ አያንስም። የአስር ወቅት ለማሊኪ፣ ለሻፊዒና ለሐንበሊ መዝሀቦች (የሕግ ትምህርት ቤቶች) የአንድ ነገር ጥላ፣ የቀትሩ ጥላ ሳይታሰብ፣ ቁመቱን ሲያክል ይገባል፤ በሐነፊ መዝሀብ በታወቀው አቋም ግን እጥፉን ሲያክል ነው። ኤምሬቶች በአመዛኙ በማሊኪ ትውፊት የቆየች አገር ስትሆን ከደቡብ እስያ የመጡት ብዙ ነዋሪዎች ሐነፊዎች ናቸው። ስለዚህ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለችው አንዲት የማስተካከያ መስመር የፊቅህ አቋም ትይዛለች። ፕሮግራመሩ ዝም ብሎ የተገኘውን ቢተው እንኳ አንዱን መዝሀብ መርጧል።

ዱባይ ወቅቱ መቼ ይገባል የሚለውን ጥያቄ በከፍታም አይታዋለች። በ2010 የተከፈተው ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ከፍታ አለው። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው አድማሱ ዝቅ ስለሚልበት ፀሐይን መሬት ላይ ካለው ሰው ዘግይቶ ስትጠልቅ ያያታል። በ2011 ረመዳን የዱባይ የሃይማኖት ባለሥልጣናት ከ80ኛ ፎቅ በላይ ያሉ ጾመኞች 2 ደቂቃ፣ ከ150ኛ በላይ ያሉት ደግሞ 3 ደቂቃ ቆይተው እንዲያፈጥሩ አሳወቁ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሦስት መግሪብ ሆነ ማለት ነው። በየፎቁ የተሰቀሉት ሰሌዳዎች ከርነል ግን ሁሉም በዚያው ቅጽበት ያንኑ የሰከንድ ቁጥር ይዟል። ልዩነቱን ያመጡት ፀሐይና የጾመኛው ዓይን ናቸው፤ ደንብ ያደረጉት ሊቃውንት ናቸው፤ ማሽኑ የተነገረውን አሳየ።

የሰው ውሳኔ ከዚህም ሊሰፋ ይችላል። ከጃንዩወሪ 2022 ጀምሮ ኤምሬቶች የሳምንት እረፍቷን ወደ ቅዳሜና እሑድ ስታዞር ዓርብ ግማሽ የሥራ ቀን ሆነ፤ ሻርጃ ዓርብንም ጨምራ የሦስት ቀን እረፍት አደረገች። ያን ጊዜ የጁምዓ ኹጥባና (ስብከትና) ሶላት በመላ አገሪቱ በሀበሻ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ይህ የፀሐይን ሥርዓት አይሽርም፤ የዙህር ወቅት ሰፊ ስለሆነ በውስጡ አንድ ሰዓት መምረጥ ይቻላል። በዚያው ለውጥ፣ እረፍቱ ዓርብ ስለነበር ዋና ጉባኤያቸውን በዓርብ ሲያደርጉ የኖሩ አብያተ ክርስቲያናት እሑድን የእረፍት ቀን ሆኖ አገኙት። ፀሐይ ወሰኑን ታበጃለች፣ ሰው በወሰኑ ውስጥ ይመርጣል። ለከርነሉ ግን ዓርብም እሑድም 86400 ሰከንድ ነው።

በኤምሬቶች ከተሞች የሚኖር ኢትዮጵያዊ በቆጠራና በሰው ውሳኔ መካከል ያለውን ልዩነት በየዕለቱ ያገኘዋል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲል የዱባይ ግድግዳ ሰዓት 10 ያሳያል፤ ስለዚህ «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ቀጠሮ አይያዝም። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያደርስ ኦርቶዶክሳዊም የትኛውን ዘጠኝ እንደሚከተል የመምረጥ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ በአዲስ አበባ ዘጠኝ ሲሞላ በዱባይ አሥር ነው። የዘጠኝ ሰዓት ጾም መሠረቱ ከንጋት የሚጀምር የቀን ቆጠራ ነውና ባለበት አገር ፀሐይ መጾሙ ለቆጠራው ይቀርባል፤ ቢሆንም ይህን የሚወስነው የነፍስ አባቱና እሱ እንጂ ስልኩ አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን የበዓላት ማውጫ ስሌት የሆነው ባሕረ ሐሳብም ስሌትና ሥርዓት እንዴት እንደሚደጋገፉ ያሳያል። የ2018 ዓ.ም. በዓላት ሲወጡ 5500 ተጨምሮ 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። ይህን የትኛውም ትንሽ ኮምፒዩተር በቅጽበት ያሰላዋል። ከዚህ ተነሥቶ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ላይ መዋሉ ትክክል ነው፤ ሕዝቡን የሚያስጾመው ግን ስሌቱ ሳይሆን ስሌቱን የተቀበለችው ቤተ ክርስቲያን ናት።

ማሽኑ ሰዓት ከማሳየት አልፎ አዛን ሲያሰማስ? በመካ የሚገኘው የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ጉባኤ በ1986 ወቅቱ በደረሰ ጊዜ በመስጊድ በተቀዳ ድምፅ ብቻ መወሰን ለአዛን እንደማይበቃ ወስኗል። አዛን አምልኮ ስለሆነ ኒያ (ልባዊ ሐሳብ) ያለው ሙአዚን ይሻል። በእስልምና ሥልጣኔ ወቅትን የሚያሰላው ሰው ሙወቂት ይባል ነበር፤ በ1375 ያረፈው ኢብን አል ሻጢር በደማስቆ የኡመያድ መስጊድ ይህን ሥራ ይዞ ነበር። ከርነሉ የሙወቂቱን የቁጥር ድካም ሊወስድለት ይችላል። የሙአዚኑን ኒያ ግን የትኛውም የማዋቀሪያ ምርጫ አያስገባም፤ ኒያ በራሱ ፈቃድ ለፈጣሪ የሚቆም ሰው እንጂ ትእዛዝ የሚፈጽም ዕቃ የሚኖረው ነገር አይደለምና።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሦስቱን በየደረጃቸው ማስቀመጥ ነው። ፀሐይ ምክንያት ናት፣ ሊቃውንት ደንቡን ይለያሉ፣ ቁጥር ሁለቱን ያገናኛል። ጥሩ አወቃቀር ይህን ድንበር ይጠብቃል፦ ከርነሉ ቆጠራውን ብቻ ይይዛል፣ የመዝሀብና የቦታ ውሳኔዎች ሰው አይቶ ሊያርማቸው በሚችልበት ፋይል ይቀመጣሉ። ማሽኑ ቢደነዝዝ ራሱ እንዲነሣ ዋችዶግ የሚባለው ተቆጣጣሪ ይገባለታል። ሰዓቱ አስተማማኝ ካልሆነ ደግሞ ሰሌዳው የፈጠራ ሰዓት ከማሳየት ባዶ ቢሆን ይሻላል።

የመጨረሻው ነጥብ ተጠያቂነት ነው። ሰሌዳ አምኖ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያፈጠረ ሰው፣ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ፣ ቀኑን ቀዷ (ምትክ ጾም) ያወጣል፤ ስቶ ነውና ኃጢአት የለበትም። ኢብን ተይሚያን የመሰሉ ጥቂቶች ቀዷውንም አያስገድዱትም። በሁሉም አቋም ማሽኑ ተከሳሽ አይሆንም። ሰዓቱን ሳይፈትሽ የሰቀለው፣ ድራይቨሩን ቸል ብሎ ያዋቀረው ሰው ግን አማና (አደራ) ተቀብሏል፤ ጾመኛው ይቅር የተባለበት ስሕተት ለእሱ ቸልተኝነት ሊሆንበት ይችላል።