ከአንዱ ልጅ ጋር ብቻ መጓዝ አድልዎ ነውን?

በሀገራችን ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዕድሜና ጤና ከተሰጠው 10 ወይም 20 ዓመት ይኖር ይሆናል፤ ልጆቹም በዚህ ጊዜ አድገው፣ ትዳር መሥርተው፣ ከፊሎቹም ባሕር ተሻግረው ይገኛሉ። ይህ የቀረው ዘመን በምን ይለፍ ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መልስ ቤተ ክርስቲያን መሳለም፣ ዕድር፣ ለቅሶ መድረስና የልጅ ልጅ መጠበቅ ነው። መልካም መልስ ነው፤ የምንነቅፍበትም ምክንያት የለንም። ሆኖም በአንዳንድ ቤተሰቦች ዘንድ ሌላ ልማድ ብቅ ሲል እያየን ነው። ይኸውም ጡረታ የወጣው አባት ወይም እናት ካደጉት ልጆች መካከል በየተራ አንዱን ብቻ ይዞ ለጥቂት ቀናት ከቤት ርቆ መሄድ ነው። ባል ወይም ሚስት፣ የልጅ ልጅ፣ ዘመድ አይጨመርም።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ምእመናን ነገሩ የፈረንጅ ነው ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ አንዱን ጠርቶ ሌላውን ማስቀረት በልጆች መካከል ቅናት መዝራት አይሆንም ወይ ብለው ጠይቀውናል። የመጀመሪያውን በአጭሩ እናልፈዋለን። አባት ልጁን አስከትሎ ሩቅ መንገድ መሄዱና በጉዞው ላይ እያጫወተ ማስተማሩ ለእኛ እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም፤ አዲስ የሆነው የልጁ ዕድሜ 40 መሙላቱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም በወላጅ ላይ ከሚሰነዘሩ ክሶች ሁሉ የአድልዎን ያህል ለብዙ ዘመን የማይረሳ የለም። ያዕቆብ ለዮሴፍ ያለበሰው ያሸበረቀ ልብስ በወንድማማቾቹ መካከል ምን እንዳደረሰ እናውቃለን።

ይሁን እንጂ እኩልነት የምንለው ነገር ራሱ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አባት ሳይናዘዝ ቢሞት ልጆቹ እኩል እንዲወርሱ ያዛል። ቤቱ ይሸጣል፣ ገንዘቡ ለአራት ይከፈላል፣ ማንም አይጉላላም። የወላጅ ፊት ግን እንዲህ አይከፈልም። ከአራት ልጆች ጋር አንድ ሰዓት የተቀመጠ አባት ለእያንዳንዳቸው ሩብ ሰዓት ሰጥቷል ማለት አይቻልም፤ ብዙ ጊዜ ለአንዳቸውም አልሰጠም። የገናን ወይም የፋሲካን ማዕድ እናስታውስ። ሁሉም ተሰብስቧል፣ ዶሮ ወጡ ቀርቧል፣ ቡናው ይፈላል። ታላቅየው እንደ ልማዱ ይናገራል፣ መካከለኛዋ ትሥቃለች፣ በመሥሪያ ቤቱ ሃምሳ ሰው የሚያዝዘው የመጨረሻው ልጅ ተነሥቶ የእጅ ውሃ ያስታጥባል። እያንዳንዱ በ12 ዓመቱ የነበረበት ቦታ ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። ደስታው እውነተኛ ነው፤ ግን በዚያ ማዕድ ላይ ማንም ልጅ ከወላጁ ጋር እንደ ዛሬው ሰውነቱ አይተዋወቅም። እንግዲህ እኩል መውደድ ማለት ሁሉንም በአንድ ላይ መጋበዝ ብቻ ከሆነ፣ ሁሉም እኩል ሳይታዩ ይቀራሉ።

አንድ የምናውቃቸው ባለቤታቸው ያረፉባቸው ጡረተኛ መምህር ከሦስት ልጆቻቸው ጋር በየተራ ሊጓዙ እንደ ወሰኑ ባስታወቁ ጊዜ፣ ቤቱ በሥጋት ተሞላ። በአሜሪካ የሚኖረው ልጅ አባቱ ክፉ በሽታ ይዟቸው የሚደብቁት መሰለው። ሌላው ኑዛዜ ሊጻፍ ነው ብሎ ጠረጠረ። አዲስ አበባ ውስጥ አጠገባቸው የምትኖረው፣ ሐኪም ቤት የምታመላልሳቸውና መድኃኒታቸውን የምትገዛው ልጅ ደግሞ፣ "አባባ፣ እኔ በየቀኑ አብሬዎት አይደለሁ እንዴ? ለእኔ የሚያወጡትን ለሌሎቹ ያድርጉት" አለቻቸው። መምህሩ ግን የጀመሩት ከእርሷ ነው።

በዚህ ምርጫ ላይ ትንሽ እንቆይ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የሚገኘውን የሁለቱን ልጆች ታሪክ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ሄዶ ስለ ተመለሰው ነው። አባቱ ገና ከሩቅ አይቶት ወደ እርሱ ሮጧል። ነገር ግን ያው አባት በዚያው ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ከቤት ወጥቷል፤ ይህም በደጅ ቆሞ አልገባም ላለው ለታላቁ ልጅ ሲል ነው። ሁለቱን በአንድነት ጠርቶ አልገሠጻቸውም፤ ለእያንዳንዱ ለብቻው ወጣ። የታላቁም ምሬት ርስት አነሰኝ የሚል አልነበረም፤ ያን ሁሉ ዓመት ሲያገለግል ከወዳጆቹ ጋር የሚደሰትባት አንዲት ጠቦት እንኳ አለማግኘቱ ነበር የከነከነው። በሩቅ ያለ ልጅ ሲመጣ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አበባ ይዘን እንቀበለዋለን። በቅርብ ያለችውን ግን እጆቿን እንጂ ፊቷን አናይም። መድኃኒቱን አመጣሽ? ወረቀቱን አስፈረምሽ? ከዚህ ያለፈ ጨዋታ ሳይኖር ዓመታት ያልፋሉ። አገልግሎት ፍቅር መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን የሚያገለግል ሰው በአገልግሎቱ ሊሸፈን ይችላል። ስለዚህ ጉዞው ይበልጥ የሚገባው ለራቀው ሳይሆን ለቀረበው ልጅ ነው እንላለን።

አባትና ልጅ በሥራ ቀን አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ሞጆንና መቂን አልፈው፣ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ቀን ልጅቷ ከሞላ ጎደል በእንቅልፍ አሳለፈችው። አባትየው ወንበራቸውን አውጥተው ቡናማውን ውሃ እያዩ ጠበቋት፤ ሻይም እሳቸው አዝዘው አመጡላት። በሁለተኛው ቀን ማታ፣ ከአራት ዓመት በፊት የተዳከመ ትዳሯን ለማንም ሳትናገር እንዴት እንደ ያዘች ነገረቻቸው። መምህሩ ምክር ለመስጠት ቸኩለው እንደ ነበርና ራሳቸውን እንደ ገቱ አጫውተውናል።

ራሳቸውን መግታታቸው ለእኛ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ሆኖ ይታየናል። አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ የወላጅንና የልጅን ወዳጅነት እኩል ባልሆኑ ሰዎች መካከል ካለው ወዳጅነት ይመድበዋል፤ እውነቱን ነው፣ አባት ምንጊዜም አባት ነው። ሆኖም ልጁ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ወላጅ የማዘዝ ሥልጣኑን ሲያጣ በምትኩ የሚያገኘው ነገር አለ፤ እርሱም ባልንጀርነት ነው። ይህን ሳያገኙ የሚሞቱ ብዙዎች ናቸው።

የቅድስት ሞኒካንና የልጇን የቅዱስ አጎስጢኖስን ታሪክ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ታውቁታላችሁ። ልጁ እ.ኤ.አ. በ383 ዓ.ም. እናቱን አታልሎ፣ እርሷ በጸሎት ላይ ሳለች ሌሊት ከካርታጎ በመርከብ አመለጣት። እርሷም ባሕር ተሻግራ እስከ ሚላኖ ተከተለችው፤ ስለ እርሱ ያፈሰሰችውን እንባ ራሱ መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ387 ዓ.ም. ግን በሮም አጠገብ በምትገኘው በኦስትያ ወደብ፣ ከመንገድ ድካም ዐርፈው ወደ አፍሪካ የሚሻገሩበትን ጉዞ ሲጠባበቁ፣ ሁለቱ ብቻቸውን የአትክልት ስፍራ በሚታይበት መስኮት ላይ ተደግፈው ተነጋገሩ። በዚያ ሰዓት እናት አትለምንም፣ ልጅም አይሸሽም፤ የቅዱሳን የዘላለም ሕይወት ምን ይመስል ይሆን ብለው አብረው ይጠይቃሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞኒካ በንዳድ ታመመች፤ በ56ኛው የዕድሜዋ ዓመት ዐረፈች።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ሌላ ወንድም መኖሩ ነው። ናቪጊዩስ ይባላል፤ እናቱ ስትታመም በአጠገቧ ነበር። በመስኮቱ ዘንድ አልነበረም። በዚያ ታሪክ ውስጥ ከእርሱ የተጻፈልን አንድ ንግግር ብቻ ነው፤ በባዕድ አገር ሳይሆን በሀገሯ ብትሞት እንደሚመርጥ ተናገረ፣ እናቱም በወቀሳ ዐይን አየችው። ቅድስቲቱን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምናነሣው። ነገር ግን ከአንድ ልጅ ጋር በመስኮት ዘንድ የቆመ ወላጅ ሁሉ፣ ያልቆመውን ሌላውን ልጅ ማሰብ ይገባዋል። ያዕቆብን የሚያስወቅሰው ዮሴፍን መውደዱ ሳይሆን ልብሱ ሁለተኛ የሌለው መሆኑ ነው። ተራ ያለው ነገር አድልዎ አይሆንም፤ ተራው እስከ መጨረሻው ልጅ ከደረሰ።

ከጓዳ የሚነሡ ጥያቄዎችም አሉ። ወጪውን ማን ይክፈል? አቅም ያለው ልጅ ሁሉንም ልክፈል ሲል ወላጅ እሺ ብሎ እንግዳ ባይሆን እንመርጣለን፤ የአውቶቡሱን ቲኬት እንኳ ከጡረታ አበሉ ይቁረጥ፣ ጋባዥ መሆኑ ክብሩ ነውና። አበሉ ለጉዞ የማይበቃ ከሆነ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በእግር ረዘም ያለ መንገድ ይዞ መመለስም ጉዞ ነው። ኑዛዜና የርስት ክፍፍል በእንዲህ ያለ ጊዜ ፈጽሞ አይነሣ፤ ለሌሎቹ ልጆች ሊነገር የማይችል ውል በላንጋኖ ዳር ከተፈጸመ፣ የዮሴፍ ልብስ ተሰፋ ማለት ነው። አንዱ ልጅ የገለጠው ምሥጢርም ከሚቀጥለው ልጅ ጋር ለሚደረገው ጉዞ ስንቅ አይሁን። በዚህ ረገድ እናቶች ከአባቶች ይልቅ ይፈተናሉ ይባላል፤ በእኛ አስተያየት ግን አባቶችም አያንሱም።

በመጨረሻም አልሄድም የሚል ልጅ ይኖራል። የመምህሩ ሦስተኛ ልጅ፣ በባሕር ዳር የሚሠራው፣ ከእናቱ ሞት በፊት በተነሣ ጠብ አባቱን አኩርፎ የኖረ ነው። ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ሥራ በዝቶብኛል አለ። ዘመዶች ሽማግሌ ይላክበት ብለው ነበር፤ መምህሩ ግን ሽማግሌ ለዕርቅ እንጂ ለግብዣ አይላክም ብለው ራሳቸው ባሕር ዳር ወረዱ፤ አነስተኛ ሆቴል ይዘው እስከ ሐሙስ ድረስ እዚያ እንደሚቆዩ በስልክ ነገሩት። ልጁ ረቡዕ ማታ ከሥራ በኋላ መጣ። አሣ አብረው በሉ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋና ስለ ሐይቁ እምቦጭ አወሩ፣ ስለ ጠቡ አንዳች አልተነሣም፤ ሂሳቡንም ልጁ ሊከፍል ሲታገል አባትየው ቀደሙት። መምህሩ በማግስቱ ተመለሱ። ዘንድሮም የሁለቱ ጉዞ ካለቀ በኋላ ለሦስተኛው ተራው መድረሱን አስታውቀውታል።