ስሙ ዞረ፤ ሐቁስ?

ቤት መግዛትና መሸጥ ለብዙ ቤተሰብ በዕድሜ አንድ ጊዜ የሚያጋጥም ጉዳይ ነው። የእናት ወርቅ የተሸጠበት፣ የዕቁብ ዕጣ የገባበት፣ ከዓረብ አገር የተላከ የልጅ ላብ የተጠራቀመበት ነው። ስለዚህም ሰው በዚህ ጊዜ አጥብቆ ይጠይቃል። ካርታው ትክክለኛ ነው ወይ? ዕዳና እግድ የለበትም ወይ? ስም ለማዞር ስንት ይከፈላል? ይላል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁንና ከእነዚህ ሁሉ ኋላ የምትረሳ አንዲት ጥያቄ አለች። በሕግ ፊት የእኔ የሆነ ቤት አላህ (ሱ.ወ.) ዘንድም የእኔ ነውን?

ይህችን ጥያቄ ያስተማረኝ የራሴ ስህተት ስለሆነ እሱኑ ላስቀድም። ከዓመታት በፊት ሁለት የማውቃቸው ወንድሞች ለቤት ሽያጭ ውል ምስክር እንድሆን ጠሩኝ። ገንዘቡ ፊቴ ተቆጠረ። ውሉ ሲነበብ ግን የተጻፈው ዋጋ የተቆጠረውን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። ቀና ብዬ ባያቸው፣ «ኡስታዝ፣ ለግብሩ ብለን ነው። ሁሉም የሚያደርገው ነው» አሉኝ። ይሉኝታ ያዘኝና ፈረምኩ።

ብዙ ሳይቆይ የሻጩ እህት፣ «ቤቱ የአባታችን ነው፤ ድርሻዬን አላገኘሁም» ብላ ከሰሰች፤ ሽያጩም ፈረሰ። ገዢው ገንዘቡን ሲጠይቅ ሻጩ ወረቀቱን አውጥቶ፣ «የተቀበልኩት ይህንን ነው» አለ። ገዢው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ኡስታዝ፣ እርስዎ በዓይንዎ አይተዋል» አለኝ። አዎን፣ አይቻለሁ። ፊርማዬ ግን የሚመሰክረው ሌላ ነበር። በእጄ የዋሸሁትን በአፌ ባስተካክል ማን ያምነኛል?

እንደሚታወቀው በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ባልና ሚስት የጋራ ቤታቸውን ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት እንዲኖር ይጠይቃል። ሙስሊም ይህንን እንደ ባዕድ ነገር ሊያየው አይገባም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የአል-በቀራህ 282ኛው፣ የሚናገረው ስለ ሶላትም ስለ ጾምም አይደለም። ዕዳ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ባለዕዳው ካለበት ምንም ሳያጎድል እንዲያስጽፍ፣ በሽያጭም ጊዜ ምስክር እንዲቆም ያዝዛል። እንግዲህ ዋጋ አሳንሶ ማስጻፍ ከመንግሥት ጋር ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። አላህ ሐቅ እንዲጠበቅበት ያዘዘውን ጽሑፍ ሐቅ መብያ ማድረግ ነው። «ግብሩ ከበደን» የሚል ሰው ቅሬታውን በግልጽ ማቅረብ ይችላል፤ ምስክሩን ውሸታም ማድረግ ግን አይፈቀድለትም።

ወደ እህቲቱ ጉዳይ እንመለስ። ካርታው በወንድሟ ስም ነበር። «አግብታ ወጥታለች፤ ደግሞም አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም» ይል ነበር። ስንቶቻችን ቤት ይህ ቃል ይሰማል! የአን-ኒሳእ ምዕራፍ 7ኛው አንቀጽ ወላጆችና የቅርብ ዘመዶች ከተውት፣ ያነሰም ይሁን የበዛ፣ ለሴቶችም ድርሻ እንዳላቸው ደንግጓል። እህት ድርሻዋን አውቃ፣ ወዳና ፈቅዳ ብትተው መብቷ ነው። ወንድሟን አፍራ ዝም ማለቷ ግን ፈቃድ አይባልም።

«ፍርድ ቤት ለእኔ ወስኖልኛል» የሚልም አለ። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እርሳቸው የሚፈርዱት በሰሙት መሠረት እንደሆነ፣ አንደኛው ተከራካሪ ከሌላው ይልቅ አንደበተ ርቱዕ ሊሆን እንደሚችል፣ የወንድሙን ሐቅ ቢፈርዱለት ግን የቆረጡለት የእሳት ቁራጭ በመሆኑ እንዳይወስደው አስጠንቅቀዋል። ልብ በል አንባቢዬ! የነቢዩ ፍርድ እንኳ የሌላውን ሐቅ ሐላል ካላደረገ፣ የእኛ ማኅተምና ካርታ እንዴት ያደርገዋል?

በሌላም ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእኛ በፊት ስለነበሩ ሁለት ሰዎች ነግረውናል። አንዱ ከሌላው መሬት ገዝቶ ወርቅ የያዘ ማሰሮ አገኘበት። ገዢው፣ የገዛሁት መሬቱን እንጂ ወርቁን አይደለም ብሎ ሊመልስ ሄደ። ሻጩም፣ መሬቱን ከነያዘው ነው የሸጥኩልህ ብሎ አልቀበልም አለ። ዳኛው የአንዱን ወንድ ልጅ ከሌላው ሴት ልጅ ጋር እንዲያጋቡ፣ ከወርቁም ለእነርሱ እንዲያወጡና ሰደቃ እንዲሰጡ ፈረደ። እነዚያ ሰዎች ወርቅ አንወስድም ብለው ተከራከሩ። እኛ ደግሞ ገዢ ሊመጣ ነው ሲባል የተሰነጠቀውን ግድግዳ ቀለም እንቀባለን፤ ክረምት የሚያፈሰውን ጣራ በበጋ እናሳያለን። ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ጉድለቱን ከገለጹ ንግዳቸው እንደሚባረክ፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ ሐኪም ኢብን ሒዛም (ረ.ዐ.) ከነቢዩ አስተላልፈዋል።

ስለ እኔ ጉዳይ መጨረሻ ትጠይቅ ይሆናል። በሽማግሌዎች ፊት ቆሜ ያየሁትንም፣ ዋሽቼ መፈረሜንም ተናገርኩ። አፈርኩ። ሻጩም ከብዙ ምክር በኋላ የተወሰነውን መለሰ። የቀረውን ገዢው እስከ ዛሬ አላገኘም። ከዚያ ወዲህ ሶላቴን ባሰላመትኩ ቁጥር ያ ሰው ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ቤት ልትሸጥ ወይም ልትገዛ ስታስብ ካርታውን መርምር፤ ውሉን በሕግ አድርግ። ከዚያ በፊት ግን ቤተሰብህን ሰብስብና፣ «በዚህ ቤት ውስጥ ሐቁ ያልተሰጠው ማን አለ?» ብለህ ጠይቅ። ያለፈ ነገር ካለም በሕይወት ሳለህ መልስ። የቤት ስም በአንድ ቀን ይዞራል። ሐቅ ግን ባለቤቱ እስኪያገኘው ወይም ይቅር እስኪል ድረስ ካለበት አይነቃነቅም። ወላሁ አዕለም።