ራሱን ለሳተ ሰው ማን ይመስክር?

«ራሱን ሳተ» እንላለን። ቃሉ ነገሩን ጨርሶታል፤ የወደቀው ሰው ስለዚያች ደቂቃ የሚያውቀው የለም። ሐኪሙ «ምን ሆነህ ነው?» ሲለው የሚመልሰው ከሌላ የሰማውን ነው። ስለዚህ የምርመራው ትልቅ ክፍል ያለው እኛ አጠገቡ የቆምነው ዘንድ ነው እላለሁ።

እኛስ ምን እንመሰክራለን? ጀሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ በዐቢይ ጾም፣ በጠራራ ፀሐይ አንዲት ልጅ ወደቀች እንበል። አንዱ «የሚጥል በሽታ ነው፣ ክብሪት ጫሩ!» ይላል። ሌላዋ «ጾሙ ነው»፣ ሦስተኛው «ጸበል ውሰዷት»። ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽም አይጠፋም።

መልሱ ግን ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነው። ብዙ ቆማ፣ አልቧት፣ አቅለሽልሿት፣ ዓይኗ ጨልሞባት ከወደቀችና ጋደም ስትል ቶሎ ከነቃች፣ ብዙውን ጊዜ የደም ግፊቷ ለአፍታ ወርዶ ነው። ያለ ምንም ምልክት፣ በተለይ እየሮጠች ከወደቀች ግን ልቧ መታየት አለበት፤ ይሄኛው ሊገድል ይችላል። የምላሷን ጎን ከነከሰች፣ ከነቃችም በኋላ ለብዙ ደቂቃ ግራ ከተጋባች ወደሚጥል በሽታ ያመዝናል።

«ተንቀጠቀጠች እኮ!» ቢባልስ? ጀርመናዊው ሐኪም ቶማስ ሌምፐርትና ባልደረቦቹ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ጤነኛ ፈቃደኞች ራሳቸውን እንዲስቱ አድርገው በቪዲዮ ቀርጸዋቸዋል። ሙሉ በሙሉ ከሳቱት 42 ሰዎች 90 በመቶው ተንቀጥቅጠዋል። መንቀጥቀጥ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ማለት ነው። በችኮላ የለጠፍንባት ስም ግን ልጅቷ ከተነሳች በኋላም ሰፈር ውስጥ ይከተላታል፤ ትዳርም ሥራም ሊያሳጣት ይችላል።

ታዲያ ስልክ ማውጣት ነውር ነው? እነዚያ ሰዎች ፈቅደው ነው የተቀረጹት፤ እሷን የጠየቃት የለም። በሌላ በኩል፣ ያ ቪዲዮ ለሐኪሟ ከአሥር ሰው ወሬ ይበልጣል። እኔ እንዲህ አስባለሁ፦ መጀመሪያ በጀርባዋ ትተኛ፣ እግሯ ከፍ ይበል፣ አየር ታግኝ፤ አፏ ውስጥ ምንም አይግባ። ከዚያ አንድ ሰው ብቻ ይቅረጽ። ቪዲዮው የሷ ነው፤ ለሷ ወይም ለቤተሰቧ ተሰጥቶ ከቀራጩ ስልክ ይጥፋ።

ምስክር ያየውን እንጂ የገመተውን አይናገርም። ምን ያህል ቆየች? ፊቷ ገርጥቶ ነበር? ከመውደቋ በፊት ምን አለች? ይህን ያየ አንድ ሰው አብሯት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሰልፉ ያመልጠው ይሆናል፤ ሌላ ታክሲ ይመጣል።