ከተማ የሚቆረቁረው ማን ነው?

«ቆረቆረ» የሚለው ግስ በቋንቋችን ሁለት ሥራ አለው። ከተማ የመሠረተ ሰው «ቆረቆረ» ይባላል፤ ከመኝታ ሥር የቀረች ጠጠርም፣ በኅሊና ውስጥ የቀረች ነገርም «ትቆረቁራለች»። ሁለቱ ከአንድ ሥር ይብቀሉ አይብቀሉ የቋንቋ ሊቃውንት ይንገሩን። አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተው ማየት የሚሻ ግን በባሮ ወንዝ ዳር ያለችውን ጋምቤላን ያስብ።

የጋምቤላ ከተማነት የተጠነሰሰው በወረቀት ላይ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት ውል ዋና ጉዳዩ የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ነበር። ከአንቀጾቹ አንዱ ግን በኢታንግ አካባቢ፣ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሔክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። በአገራችን ልክ 10 ጋሻ ያህል መሆኑ ነው። ቦታው የንግድ ጣቢያ ብቻ እንዲሆን፣ ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል፣ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ እንዲጸና ተወሰነ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1904 እ.ኤ.አ.፣ ጣቢያው ከኢታንግ ወደ ላይ ራቅ ብሎ ጋምቤላ ላይ ተተከለ።

ለምን እዚያ? ቢሉ መልሱ ውኃው ነው። ብዙዎቹ ወንዞቻችን በገደል መካከል እየተወረወሩ የሚወርዱ፣ ጀልባ እንኳ የማያስጠጉ ናቸው። ባሮ ግን ደጋውን ለቅቆ ሜዳውን ሲይዝ መርከብ ይሸከማል። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች ነጭ ዓባይን፣ ቀጥሎም ሶባትን ተከትለው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ወንዙ ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል። የምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነበርና፣ ለምዕራቡ አገር ወደ ውጭ መውጫው ይህ ወንዝ ሆነ። ከኢሉባቦርና ከወለጋ ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው በጭነት ከብትና በሰው ጀርባ ይወርዳል፤ ጨርቃ ጨርቅና ጨው በአንጻሩ ወደ ደጋ ይወጣል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎችም ዕቃቸውን ይዘው ሰፈሩ። ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን በውሉ መሠረት አበቃ፤ ጣቢያውም በ1949 ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

እንግዲህ እንጠይቅ፤ ይህችን ከተማ የቆረቆራት ማን ነው?

የመጀመሪያው መልስ «የፈረሙት» የሚል ነው። የታሪክ መጻሕፍት ልማድም ይኸው ነው፤ ከተማ የንጉሥ ስምና ቀን ይሰጠዋል። ነገር ግን ፊርማ መጋዘን አይሠራም፤ ጆንያም አይሸከምም። ስለዚህ ሁለተኛው መልስ ይከተላል፦ «የቆረቆራትስ የሠራት ነው።» እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ሰው ጉልበቱን ያፈሰሰበትን ነገር የራሱ ያደርገዋል ብሎ ጽፏል። በዚህ ሚዛን ከሄድን የጋምቤላ መሥራቾች ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ተሸካሚዎች፣ ነጋድራሶችና የመርከብ ሠራተኞች ይሆናሉ።

ሦስተኛው መልስ ግን ሁለቱንም ያናጋቸዋል። ባሮን ባሮ ከማለታችን በፊት «ኦፔኖ» የሚሉት አኝዋኮች በዳርቻው ያርሱ፣ ያጠምዱ፣ መንደር ይመሠርቱ ነበር። ዳርቻው 2,000 ሜትር ተብሎ ሲለካ እነሱን የጠየቀ አንቀጽ በውሉ የለም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። እዚህ ግን ከመናቅም ይብሳል፤ ባለቤት መኖሩ ራሱ በሐሳብ አልመጣም። ጠጠሯ ያለችው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ሲሰማ «ሁሉም ከተማ እንዲሁ አይደለም ወይ? ፈቃድ ቢጠየቅ ኖሮ የትኛው ከተማ ይመሠረት ነበር?» የሚል አይጠፋም። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ወንዙ ለንግድ ባይከፈት የደጋው ገበሬ ቡና ምን ያህል ዋጋ ይኖረው ነበር? ደግሞም ወደ ከተማዋ የመጣው ሁሉ ወራሪ አልነበረም፤ ብዙው እንጀራ ፍለጋ የወጣ ምስኪን ነው። ይሁን እንጂ ጥቅም ማስገኘት አንድ ነገር ነው፤ አለመጠየቅ ሌላ። ለጎረቤቴ በግቢው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሬ ውኃ ባወጣለት እንኳ፣ በሩን ሳላንኳኳ መግባቴን ውኃው አያጥበውም።

በሌላ በኩል «ቀድሜ ነበርኩ» የሚለው ቃልም አደጋ አለው። መታሰቢያ መሆኑ ቀርቶ አጥር ሲሆን፣ ዛሬ አብሮ የሚኖረውን ኑዌር፣ ከደጋ የመጣውን፣ እዚያው የተወለደውን ልጁን ጭምር ዘላለም እንግዳ ያደርገዋል። «ያንተ ብቻ አይደለም» የሚለው መልስም ዱላ ሊሆን ይችላል። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ በርካታ አኝዋኮች ተገድለዋል፤ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ ሰዎችም ድንበር ተሻግረው ተሰደዋል። ማን የማን እንግዳ ነው የሚለው ጥያቄ የፈላስፎች ጨዋታ እንዳልሆነ ከዚህ የባሰ ምስክር አያስፈልገውም።

እንደኔ እንደኔ መቅደም የሚያስገኘው መብት የመጠየቅና የመታወስ መብት ነው፤ የማባረር መብት ግን አይደለም። ዘግይቶ መምጣትም ወንጀል አይደለም፤ ይሁን እንጂ ዕዳ አለበት። ዕዳው የሚከፈለው ከተማዋን አፍርሶ ባዶ ዳርቻ በመመለስ አይደለም፤ ያ ዳርቻ የለም። የሚከፈለው መሬት በተሸነሸነ፣ መንገድ በተቀየሰ፣ የትምህርት ቤት የታሪክ ምዕራፍ በተጻፈ ቁጥር በመጀመሪያው ውል ላይ ያልተጠየቀውን ሰው በመጠየቅ ነው። ልጆች የከተማቸውን ታሪክ ሲማሩ ከ1894 ቢጀምሩ ግማሹን ብቻ ያውቃሉ፤ ከኦፔኖ ቢጀምሩ ግን ውሉንም፣ መርከቡንም፣ ተሸካሚውንም በየቦታቸው ያገኟቸዋል።

ከተማ ተቆርቁሮ የሚያልቅበት ቀን የለም። የፈረሙት አልፈዋል፤ መርከቦቹም ቀርተዋል። ጠጠሯን ከመኝታው ሥር አውጥቶ የሚያያት ግን ዛሬ በከተማዋ የሚኖረው ሰው ነው፤ አኝዋክም ይሁን ኑዌር፣ ከደጋ የመጣም ይሁን እዚያው የተወለደ።