የወንዛዬ ባንድ፦ መውደድና መፍረድ

የከተማውን ባንድ ከማንም አስበልጦ የሚወድ የሙዚቃ አፍቃሪ የሌለበት አገር የለም። ባህር ዳርም አላት። በጣና ዳር ሆቴሎች የሚጫወቱትን፣ ሰርግና በዓል የሚያደምቁትን፣ በሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ የሚወጡትን ሙዚቀኞች በስም ያውቃቸዋል። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ከየትኛው ባንድ እንደመጣ፣ ድራም መቺው መቼ እንደተቀየረ ጠይቁት፤ ይነግራችኋል። ነግሯችሁም አያበቃም፤ «እነዚህ ልጆች ከአዲስ አበባዎቹ አያንሱም፤ እንዲያውም ይበልጣሉ» ይላል። ሰሚው አብዛኛውን ጊዜ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። በፈገግታው ውስጥ ግን ክስ አለ፦ የምትወዳቸው ጥሩ ስለሆኑ ሳይሆን የወንዝህ ልጆች ስለሆኑ ነው። የባህር ዳር ከተማ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ እንዲህ ያለ ክስ አይቀርብበትም። የጣና ሞገዶቹን ለምን እንደሚደግፍ ማስረጃ አምጣ የሚለው የለም። ዘጠናው ደቂቃ ሲያልቅ ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ስለሚጻፍ ድጋፉ ሌላ፣ ፍርዱ ሌላ ነው፤ ቡድኑ ሦስት ለባዶ ተሸንፎም ደጋፊው ደጋፊነቱን አይተውም፣ አሸነፍን ግን አይልም። ሙዚቃ ሰሌዳ የለውም። ስለዚህ አፍቃሪው «ይበልጣሉ» ሲል እየደገፈ ይሁን እየፈረደ ለእርሱም ለእኛም አይለይም። እኔ የምከራከረው ይህ ፍቅር ፍርድ እንዳልሆነ፣ ያለ እርሱ ግን ፍርድ ራሱ መነሻ እንደሚያጣ ነው።

ክሱን በጥሩ ቋንቋ ካቀረቡት አንዱ ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ነው። እ.ኤ.አ. በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ ባሳተመው ድርሰት እውነተኛ ዳኛ ማስተዋል ያለው፣ ስሜቱ የረቀቀ፣ በልምምድ የዳበረ፣ ብዙ አነጻጽሮ የሚያውቅና ከአድልዎ የጸዳ መሆን አለበት ይላል። የእኛ አፍቃሪ በመጨረሻው መስፈርት ወዲያው ይወድቃል። በሦስተኛው ግን ማንም አይደርስበትም። አንድን ባንድ አንድ ምሽት ሰምቶ የሄደ መንገደኛ አድልዎ የለበትም፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። የዚያን ዕለት ድምፅ ማጉያው የተበላሸ እንደሆነ ዘፋኟን ይወቅሳል፤ ታዳሚው ሞቅ ያለው እንደሆነ ባንዱን ያሞግሳል። ያው ዘፈን በሐዘንም በሰርግም ማግሥት፣ በሙሉ ባንድም በሁለት ሰውም ሲቀርብ የሰማ ሰው የሚያውቀውን መንገደኛው አያውቅም። ችግሩ ልምምዱና አድልዎው ተለያይተው የማይመጡ መሆናቸው ነው። ለማይወደው ነገር ወራቱን ሙሉ ምሽቱን የሚሰጥ ማን አለ? ሂዩም ራሱ ይህን አልሳተውም፤ በዚያው ድርሰት የሰው ጠባይና የአገሩ ልማድ የሚያመጡት ልዩነት ነቀፋ የሌለበት መሆኑን አምኗል፤ የምንወደውን ደራሲ የምንመርጠው ወዳጅ እንደምንመርጥ ነው ብሏል። ወዳጁን የመረጠ ሰው ወዳጄ ከሰው ሁሉ ይበልጣል አላለም፤ ይህን ሰው ከሌላው ይልቅ ቀርቤ ላውቀው ነው ያለው። የከተማ ባንድ ፍቅርም በዚህ መልክ ቢገባን ክሱ ግማሽ ኃይሉን ያጣል።

አንድ ሰው ግን እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ ሳይወድም በትጋት የሚሰማ ባለሙያ አለ፤ ሥራው ነው፤ ፍርዱን ለእርሱ እንተው። ይህ ባለሙያ ግን የሚሰማው ሌሎች ወድደው ደጁ ያደረሱለትን ነው። ሊቨርፑልን እንይ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1961 ቢል ሃሪ የተባለ የሥነ ጥበብ ተማሪ «መርሲ ቢት» የተሰኘ ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ፤ ዋና ጉዳዩም የከተማውና የአካባቢው ባንዶች ነበሩ። በ1962 የመጀመሪያ ቀን ዴካ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ኩባንያ ከዚያችው ከተማ የመጡትን ቢትልስን ለንደን ላይ ፈትኖ አልተቀበላቸውም። ልምድ ያለው፣ ብዙ ያነጻጸረ፣ ለሊቨርፑል የማያዳላ ጆሮ ሰምቶ አለፋቸው። አድልዎ ያለበት ጆሮ ግን ካቨርን በሚባለው ምድር ቤት ውስጥ ደጋግሞ ሰምቷቸው ነበር። በእርግጥ ይህን ታሪክ አሸናፊዎቹን ብቻ እየመረጡ መተረክ አይገባም። ከተማዋ የወደደቻቸው አብዛኞቹ ባንዶች ተረስተዋል፤ ስለ ብዙዎቹ ፍቅሩ ተሳስቶ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሮሪ ስቶርም ኤንድ ዘ ሃሪኬንስ የሚባለውን ባንድ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ሪንጎ ስታር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1962 ወደ ቢትልስ የሄደው ከዚያ ባንድ ነው። የተረሳውን ባንድ የወደዱት ሰዎች ያልተረሳውን ከበሮ መቺ አሳድገዋል። ፍቅራቸው ትንቢት ቢሆን ኖሮ ከሽፏል እንላለን። ትንቢት ግን አልነበረም፤ ሙዚቀኛው መጥፎም ጥሩም ሆኖ የሚጫወትበትን ምሽት መስጠት ነበር።

የእኛም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ሲያቋቁም ከውጭ የመጣ አድናቆት አልጠበቀም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ተከታታይ አልበሞች ማውጣት የጀመረው በ1997 ነው። በመካከሉ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ አለ። በዚያ ዘመን ሙዚቃውን ያቆየው የዓለም ፍርድ ሳይሆን በካሴት እያባዛ፣ በሆቴል እየታደመ የሰማው ሰው ነው። በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊው ምክንያት ማታ ወደ አንድ የአዲስ አበባ ሆቴል የገባ ታዳሚ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዶቹ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር፤ እንደ ሮሃና ዋልያስ ያሉ ባንዶች የኖሩት እንዲህ ባለ ታዳሚ ፊት ነው። ከመዲናዋ ውጭ ደግሞ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድኖች ነበሩ። መንግሥት ኪነትን ያደራጀው መፈክሩን እንዲያሰማለት ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የየአካባቢው ሰው የተሰበሰበው ግን ለመፈክሩ አይመስለኝም። የራሱ እስክስታና የራሱ ዜማ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ መብራት በርቶለት አይቶ ነው። ማሪቱ ለገሠ ከላሊበላ፣ ይሁኔ በላይ ከግሽ ዓባይ ተነሥተው የአገር ሁሉ ድምፃውያን ሆኑ። መጀመሪያ የፈረደላቸው ግን አገር ሁሉ አልነበረም።

ከዚህም ጠለቅ ብሎ መሄድ ይቻላል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ባቲ የገበያ ከተማ ናት፣ አምባሰል ተራራማ አገር ነው። ዛሬ ባቲን ረግጦ የማያውቅ የአዋሳ ኪቦርድ ተጫዋች በባቲ ይጫወታል፤ የሰው አገር ቅኝት ተውሼአለሁ ብሎም አያስብም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም የቆመው በቦታ ላይ ነው። ድጓ የሚማር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚማር ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ የሚማር ወደ ጎጃም ዋሸራና ጎንጅ ይሄዳል። የቤተልሔም ዜማ ከአጫብር፣ የአጫብር ከቆማ ይለያል፤ በአቋቋም ደግሞ ላይ ቤት፣ ታች ቤትና ተክሌ አለ። እነዚህ ልዩነቶች ለዘመናት የኖሩት አንድ የማያዳላ ሸንጎ ተቀምጦ የትኛው እንደሚሻል ስለወሰነ አይደለም። የእያንዳንዱ ቤት መምህራን የቤታቸውን ዜማ ከነሰረዙ፣ ከነድፋቱ በቅናት ስለጠበቁ ነው። ሸንጎው ቢኖር ኖሮ ምናልባት አንዱ ብቻ ይተርፍ ነበር፤ የሚነጻጸርም አይኖርም ነበር። እዚህ ላይ ትልቁ ነገር ቅናቱ በር አለመዝጋቱ ነው። ቆሎ ተማሪው ከሸዋም ከትግራይም አኩፋዳውን ይዞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ እየለመነ ይመጣል፤ ዓመታት ቆይቶ የዋሸራ ሰው ሆኖ ይወጣል። ዋሸራነት የተወለደበት ሳይሆን የተማረው ነገር ነው።

ይህን በልባችን ይዘን ከሁሉ የከበደውን ተቃውሞ እንጋፈጥ። በዚህች አገር «የእኔ ወንዝ» የሚል ቃል ንጹሕ ሆኖ አልቆየም። በሙዚቃ የጀመረ ፍቅር በሌላው ላይ በሚሰነዘር ስድብ ሲያልቅ አይተናል፤ ዘፈን ለጥላቻ መቀስቀሻ ሆኖ ሲያገለግልም ሰምተናል። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው የከተማ ባንድ ፍቅር ለጎሠኝነት የሚያለማምድ ትንሽ በር ነው፤ ቢዘጋ ይሻላል ይላል። ስጋቱን አከብረዋለሁ። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ፍቅሮችን አንድ ያደርጋል። አንደኛው «ዘፋኙ የማን ልጅ ነው?» ብሎ ይጀምራል፤ ሁለተኛው «የት አብረን ሰማን?» ብሎ ይጀምራል። ባህር ዳር ራሷ የሁለተኛው ዓይነት ከተማ ናት። ዛሬ ያላትን መልክ የያዘችው ከጥንት ጀምሮ አይደለም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1961፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የፖሊቴክኒክ ተቋም በ1963 ሥራ ሲጀምሩ ከየአቅጣጫው ሠራተኛና ተማሪ እየመጣ ነው ከተማዋ ያደገችው። የዛሬው ባህር ዳሬ አያት ምናልባት ከደብረ ታቦር፣ ከደሴ ወይም ከሩቅ የመጣ ሸማኔ ወይም መካኒክ ነው። እንዲህ ባለች ከተማ የወንዝ ልጅነት ዓባይ ከጣና ሲወጣ በአንድ ዳር ከመኖር የሚመነጭ ነው። መፈተኛውም ግልጽ ነው፦ የባንዱ አዲስ ሳክስፎን ተጫዋች ከጅማ ወይም ከድሬዳዋ መጥቶ እዚያው የኖረ እንደሆነ አፍቃሪው «የእኛ ልጅ» ይለዋል ወይስ አይለውም? ካለው ፍቅሩ የቦታና የጆሮ ነው። ካላለው የደም ነው፤ ለዚያኛው እኔ ጠበቃ አልቆምም።

ሌላው ተቃውሞ ፍቅሩ ሙዚቀኛውን ያበላሻል የሚለው ነው። ምንም ቢጫወት የሚጨበጨብለት ባንድ ለምን ይለማመዳል? በዚህ ግማሽ እውነት አለ። የሆቴል ባንድ እንጀራው የታወቁ የሌሎች ዘፈኖችን መጫወት ስለሆነ፣ ታዳሚው ካልጠየቀው የራሱን ዘፈን ለመሥራት የሚገፋው ነገር የለም። ነገር ግን ማን ነው የሚጠይቀው? ለአንድ ቅዳሜ የመጣው ጎብኚ የሚያውቀውን ዘፈን ይጠይቃል፤ በትሕትናም ያጨበጭባል። ባንዱ አምና ያቀረበውን ዘንድሮ እንደደገመ የሚያውቀው አምና የነበረው ሰው ብቻ ነው። ድምፃዊው ከፍ ያለውን ኖታ እየሸሸ መሆኑን፣ ማሲንቆው በኪቦርድ ተውጦ ለጌጥ ብቻ መቆሙን ወዳጁ ይሰማል፤ ይከፋዋልም። የማይከፋው ከሆነ የሚወደው ሙዚቃውን ሳይሆን «የእኛ» የሚለውን ሰሌዳ ነው። ስለዚህ ከከተማው አፍቃሪ የምጠብቀው ሞቅታ ብቻ አይደለም። መግቢያውን ከፍሎ ይግባ፤ መጥፎውን ምሽት መጥፎ ነበር ይበል፤ የሰው ዘፈን አሳምረው ሲጫወቱ አመስግኖ የራሳቸውንም ይጠይቃቸው።

የከተማው ባንድ ሮክ ሲጫወት የሚነሣውን፣ ሮክ የጣና ዳር ሙዚቃ አይደለም፣ ኤሌክትሪክ ጊታር ምን ወንዝ አለው የሚለውን ክርክር በአጭሩ ልለፈው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ባንድ መሣሪያዎቻቸውን ይዘው ሲገቡ እነዚያም መሣሪያዎች ወንዝ አልነበራቸውም። አሁን ያለ ሳክስፎን የአገራችንን የዘመናዊ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን ማሰብ አይቻልም። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» በተሰኘው አልበሙ የሮክን ጊታር ከአገር ቅኝትና ከአራት ድምፃውያን ጋር ሲያገናኝ ያደረገውም ይህንኑ ነው። አንድን መሣሪያ የአንድ ቦታ የሚያደርገው በዚያ ቦታ ደጋግሞ መሰማቱ ነው።

መደጋገም ደግሞ ምሽት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ባህር ዳር ሰዓት እላፊ ከተጣለባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። በእንዲህ ያለ ጊዜ በስልክ የሚደመጠው የአዲስ አበባና የአሜሪካ ዘፈን እንደልብ ይገኛል፤ የሚጎድለው የከተማው ባንድ ነው። ሰላም በሆነበት ጊዜ እንኳ ጥሩ የተጫወተ ልጅ ስቱዲዮና ገበያ ወዳለበት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። አፍቃሪው ማዘን መብቱ ነው። ከዳኸኝ ማለት ግን አይችልም፤ ፍቅሩ ንብረት አላደረገውም፣ ከተማዋም ልጁን የምታኖርበት በቂ መድረክ አልነበራትም። ለአፍቃሪው የሚቀረው በእነዚያ ምሽቶች የተሳለው ጆሮው ነው። ቀጣዮቹ ልጆች ጊታራቸውን ይዘው ሲወጡ ከቀድሞዎቹ ጋር ያነጻጽራቸዋል፤ ሂዩም ከዳኛ የጠየቀው ማነጻጸር አሁን በእጁ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹም ይልቅ አጥብቆ ይፈርድባቸዋል።