ስለት ንግድ ነው ወይ?

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ያነሣብኛል። «አክስቴ፣ ስለት ከእግዚአብሔር ጋር መነገድ አይደለም ወይ? ይህን አድርግልኝ፣ ያንን እሰጥሃለሁ ማለት እኮ ነው» ይለኛል። ከልቡ ስለሚጠይቅ ዝም በል አልለውም።

እኛ የድሬዳዋ የከዚራ ሰፈር ልጆች ያደግነው የቁልቢ ገብርኤልን መንገደኛ እያየን ነው። ለገሃር ከባቡር የወረደው ሕዝብ በደንገጎ አቀበት ሽቅብ ይተም ነበር፤ አንዱ በመኪና፣ አንዱ በእግሩ፣ አንዱ ድንጋይ ተሸክሞ። ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ጧፍ ይዘው ይሄዳሉ፤ በግ የሚነዳም አለ። ደብሩ ራሱ የስለት ፍሬ ነው፤ ራስ መኰንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ ከ1888 ዓ.ም. ድል በኋላ እንዳሠሩት ይነገራል።

እናቴ በየወሩ በ19 የገብርኤልን ዝክር ታወጣ ነበር። ዛሬ እኔ አወጣለሁ። ድፎ ይደፋል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ እጣን ይጨሳል፣ ቡናው እስከ በረካ ይጠጣል። የታኅሣሡ በነቢያት ጾም ላይ ስለሚውል ሥጋ የለበትም። ስለዚህ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ከመጋላ የሚመጡት የእናቴ ወዳጅ፣ ሙስሊም ናቸው፣ ከእኛ እኩል ይቆርሳሉ። ሥጋ ሲኖር ግን ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። የታኅሣሡን ዝክር አብልጬ የምወደው ለዚህ ነው። እሳቸውም ለቁልቢ ተስለው ሻማ ልከው ያውቃሉ፤ በድሬ ይህ ማንንም አይደንቅም።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን ባቡር በሠሩት በቻይናውያን አገርም ይኸው ጥያቄ አለ። በልማዳቸው ዛዎ ጁን የሚሉት የምድጃ አምላክ ምስሉ ከምድጃው አጠገብ ይለጠፋል። በጨረቃ አቆጣጠራቸው በ12ኛው ወር፣ በ23ኛው ወይም በ24ኛው ቀን ወደ ሰማይ ወጥቶ ቤተሰቡ ዓመቱን እንዴት እንደኖረ ይናገራል ይባላል። ከመሄዱ በፊት የሚያጣብቅ ጣፋጭ ያቀርቡለታል፤ አፉ መልካም እንዲናገር፣ ወይም ጨርሶ እንዲያዝ። ከዚያ ምስሉን አቃጥለው ይሸኙታል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ «ይኸው ጉቦ!» አለ። ጣፋጩ ጉቦ ይመስላል፣ አልክድም። ነገር ግን ምድጃዬ ዳር ዓመቱን ሙሉ የሚያየኝ አለ ብላ የምታምን ሴት ለምራቷ የምትናገረውን ቃል ትመርጣለች። ለሞቱ ወላጆች የሚያቀርቡትንም ምግብ፣ እጣኑ ነዶ ሲያልቅ፣ ቤተሰቡ ተቀምጦ ይቋደሰዋል፤ ይህ ለዝክራችን የቀረበ ይመስለኛል። ቤተ መቅደስ ሄዶ የተሳለ ሰውም ምኞቱ ሲሞላለት ተመልሶ ስለቱን ያደርሳል። ካልሞላለት ግን ዕዳ የለበትም።

እዚህ ላይ ከእነሱ እለያለሁ። አንዲት ጎረቤታችን ለታመመ ልጃቸው ጃንጥላ ተስለው ነበር። ልጁ ሞተ። በዓመቱ ጃንጥላውን ይዘው ቁልቢ ወጡ። «እማማ፣ ምን ተደርጎልዎት ነው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እሱ ሲጨነቅ የምጠራው አጥቼ አላደርኩም» አሉኝ። ከዚህ በኋላ ስለትን ንግድ ማለት አልቻልኩም። ነጋዴ ላልተረከበው ዕቃ አይከፍልም።

የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው «ስማቸው እንዲነገርላቸው ወርቅ የሚሰጡትስ?» አለኝ። እዚያ ላይ እውነቱን ነው፤ እነሱ ከሰው እየገዙ ነው። ዘንድሮ ጧፌን የሚያደርስልኝ እሱ ነው፤ ስሜን እንዳያስጽፍ ነግሬዋለሁ።